ለቀላል የእጅ ካርድ መጀመሪያ ወረቀት ግዙ፦ ስለ ኒና ሶላር ዋይት

የእጅ ካርድ መሥራት የጀመሩ ጓደኞቼ በየጊዜው የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ፦ “ለዚህ ወር ቻሌንጅ (በአንድ ጭብጥ ሁሉም ካርድ የሚሠራበት ውድድር መሰል ጥሪ) የትኛውን ስታምፕ (ቀለም ተቀብቶ ሥዕል ወይም ጽሑፍ የሚታተምበትን ማኅተም) ልግዛ?” እኔ ሁሌም የምመልሰው አንድ ነው። ስታምፑ ይቆይ፣ ወረቀት ግዙ። ጥሩ ወረቀት! እኔ የምሠራበት ኒና የሚባለው ድርጅት ወረቀት ነው፣ ሙሉ ስሙ ኒና ክላሲክ ክረስት ሶላር ዋይት ይባላል። አሜሪካ ውስጥ ካርድ የሚሠራ ብዙ ሰው የሚያውቀው ስም ነው። እኔም በጣም ስለምወደው ለምን እንደምወደው ልንገራችሁ።

ንጹሕና ቀላል በሚባለው አሠራር ካርዱ ላይ የሚያርፈው አንድ ሥዕልና አንድ አጭር መልእክት ነው። የቀረው ነጭ ነው። ሪባን የለም፣ ብልጭልጭ የለም፣ ወረቀት በወረቀት ላይ መደራረብ የለም። ጌጥ የበዛበት ካርድ ላይ ቀለም ትንሽ ቢፈስ ዶቃ ይለጠፍበትና ያልፋል፤ እዚህ ግን የሚሸፍንላችሁ ነገር ስለሌለ ወረቀቱ ሻካራ ከሆነ፣ ወደ ግራጫ ካደላ ወይም ቀለሙን ወደ ጎን ከሳበው ካርዱን ያነሳ ሰው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። ሃያ ስታምፕ ገዝቶ ወረቀት ላይ የሚቆጥብ ሰው ሲያጋጥመኝ የምር ያሳዝነኛል።

ሶላር ዋይት ደማቅ ነጭ ነው፣ ክሬም አይልም። ገጹ ልስልስ ስለሆነ እንደ ክር የቀጠነ ፊደል እንኳ ሳይቆራረጥ ይወጣበታል። በሁለት ውፍረት ይታወቃል፣ አሜሪካኖች ይህን በፓውንድ ይለኩታል። 80 ፓውንዱ በካሬ ሜትር 216 ግራም ሲሆን 110 ፓውንዱ 297 ግራም ነው። ለካርዱ አካል 110ሩን ውሰዱ፤ ጠረጴዛ ላይ ሲቆም ወገቡ አይጎብጥም። 80ው ለሚለጠፍ ቁራጭ ጥሩ ነው።

አንድ የአሜሪካ ሌተር ወረቀት፣ ማለትም 8.5 በ11 ኢንች፣ ሳይባክን ሁለት ካርድ ይወጣዋል። ረጅሙን ጎን 5.5 ላይ ቁረጡ፣ ከዚያ እያንዳንዱን ቁራጭ 4.25 ላይ እጠፉ። ከማጠፋችሁ በፊት ግን በደነዘ ነገር ማስመሪያ ይዛችሁ መስመር አስገቡበት፣ በእጅ ብቻ ከታጠፈ ጠርዙ ይሰነጠቃል። ወረቀት የቃጫ አቅጣጫ አለው። በእጃችሁ ቀስ ብላችሁ በሁለቱም በኩል ጎበጥ አድርጉት፤ በቀላሉ የሚታዘዝላችሁ አቅጣጫ ትክክለኛው የማጠፊያ አቅጣጫ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ጥፋቱ የወረቀቱ ይመስለዋል።

ቀለምን በተመለከተ፣ ለጽሑፍ ቨርሳፋይን የሚባለውን የስታምፕ ቀለም ጥቁሩን የሚያህል አላየሁም። ጥልቅ ጥቁር ነው፣ ጥቃቅን መስመሮችንም ጥርት አድርጎ ያወጣል። ግን ቶሎ አይደርቅም፣ ስለዚህ ካተማችሁ በኋላ እጃችሁን ሰብስቡ፤ ወይም ገና እርጥብ እያለ ግልጽ የኢምቦሲንግ ዱቄት (ሲቀልጥ ጽሑፉን ጎላ አድርጎ የሚሸፍን) ነስንሳችሁ በሙቀት አቅልጡት። ሥዕሉን በአልኮል ማርከር የምትቀቡ ከሆነ ደግሞ ሜሜንቶ የሚባለውን የስታምፕ ቀለም ተጠቀሙ፣ ማርከሩ መስመሩን አያሟሟውም። ሶላር ዋይት የአልኮል ማርከርን በደንብ ይቀበላል። ለውሃ ቀለም ግን አልተሠራም። ውሃ ሲበዛበት ይጣመማል፣ ለዚያ የራሱ ወፍራም የውሃ ቀለም ወረቀት አለ። ሌላ ማወቅ ያለባችሁ ነገር የእጅ አሻራ ቶሎ እንደሚይዝ ነው። እጅ ታጥቦ፣ ሎሽን ሳይነካ ነው የሚሠራው።

አንድ መሣሪያ ብቻ ጨምሩ ብባል ሚስቲን ወይም የሱን ዓይነት ማተሚያ እጨምራለሁ። ክዳን ያለው ሳጥን ነው፣ ወረቀቱን በማግኔት ይይዛል፣ ስታምፑ ክዳኑ ላይ ይጣበቃል። መጀመሪያ የታተመው ከሳሳ ክዳኑን መልሳችሁ ትዘጉታላችሁ፣ ቀለሙ በዚያው ቦታ ላይ ይደገማል። አንድ ስታምፕ ብቻ ለሚያርፍበት ካርድ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን ከወረቀቱ በፊት አይገዛም።

አሁን ወደ ቻሌንጁ። ጭብጡ “ዝናብ” ነው እንበል። ብዙ ሰው ደመናውንም ጠብታውንም ቦቲውንም ጃንጥላውንም ይደረድራል። እኔ አንድ ቀይ ጃንጥላ ብቻ ከመሃል ትንሽ ወደ ቀኝና ወደ ታች አሳርፋለሁ፣ ከላይ ቀጫጭን ሰያፍ መስመሮች፣ አበቃ። ዝናቡን የሚያሳየው ጃንጥላው የተዘረጋበት ነጩ ሜዳ ነው። ጭብጡ “ቢጫ” ሲሆን ደግሞ፣ ያውም መስከረም አካባቢ ከዋለ፣ እኛ ከማንም የተሻለ ነገር በእጃችን አለ፦ አንድ አደይ አበባ፣ ከሥሩ በእጅ የተጻፈ “እንኳን አደረሰሽ”። በእንቁጣጣሽ ጠዋት ልጆች ከቤት ቤት እየዞሩ የሚሰጡትን የአበባ ሥዕል አስታውሱት። አንድ ወረቀት፣ አንድ አበባ፣ አንድ ምኞት። ይህን አሠራር ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን፣ ስለዚህ ከባዕድ አገር የመጣ ስታይል አድርጋችሁ አትፍሩት።

ሌላው ጥቅሙ ፖስታ ቤት ላይ ይታያል። በዚህ መጠን የተሠራ ጠፍጣፋ ካርድ ከነኤንቨሎፑ ከአንድ አውንስ (28 ግራም ገደማ) በታች ስለሚመዝን አሜሪካ ውስጥ ባንድ ተራ ቴምብር ይሄዳል። አራቱም ጎኑ እኩል የሆነ ኤንቨሎፕ ወይም ውስጡ ጉብ ጉብ ያለ ጌጥ ያለበት ግን በማሽን ስለማያልፍ ተጨማሪ ያስከፍላል። ለአክስቶች፣ ለክርስትና ልጆች፣ ለቀድሞ የሥራ ጓደኞች ብዙ ካርድ ለምትልኩ ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም።

የሶላር ዋይት ዋጋ ከተራ ካርድስቶክ (ወፍራም የካርድ ወረቀት) ይበልጣል፣ እውነት ነው። ያውም በየሱቁ አይገኝም፣ ብዙ ጊዜ በኦንላይን ነው የሚታዘዘው። ለእኔ ግን ይገባዋል። መሞከር የምትፈልጉ በትንሹ ጥቅል ጀምሩ።

አዲስ አበባ ላላችሁ ደግሞ ይህንኑ ወረቀት ፍለጋ አትድከሙ። ማተሚያ ቤቶች አካባቢ ሄዳችሁ 300 ግራም ገደማ የሆነ፣ ነጭ፣ የማያብለጨልጭ ወረቀት በኤ4 አስቆርጡ። የሚያብለጨልጨው ቀለም አያደርቅም፣ ተዉት። ኤ4ን ለሁለት ስትቆርጡት ኤ5፣ ስታጥፉት ኤ6 ይሆናል፣ ሲ6 ኤንቨሎፕ ውስጥ ልክ ይገባል። ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ቁራጭ ለምናችሁ እዚያው እጠፉት፣ በቀጭን እስክሪብቶም ጻፉበት። ጠርዙ ካልተሰነጠቀና ቀለሙ ካልተበተነ ግዙት።