የኮምፒውተር ጠረጴዛ ልትገዙ ነው? መጀመሪያ የሽቦ ቀዳዳውን እዩ

ጀመዓ፣ ደሴ ውስጥ የቢሮ ዕቃ ልትገዙ ካሰባችሁ ይቺን አንብባችሁ ሂዱ። እኔ ተሸውጃለሁ።

ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የኮፒ ቤት ከፍቼ ሁለት የኮምፒውተር ጠረጴዛና አንድ ተሽከርካሪ ወንበር ገዛሁ። "ኤምዲኤፍ ነው?" አልኩት፣ ከደቀቀ የእንጨት ቃጫ ተጨምቆ የሚሠራውን ጣውላ ማለቴ ነው። "አብሽሪ እህቴ፣ ንጹህ ኤምዲኤፍ፣ ባለ 18 ሚሊ ሜትር፣ ለልጅ ልጆችሽ የሚተርፍ" አለኝ። እንኳን የልጅ ልጅ፣ ልጅም የለኝ፣ ግን አመንኩት። አንዱን በ11,000 ብር። ደረሰኝ ስለው "ያለ ደረሰኝ ከሆነ 1,500 ልቀንስልሽ" አለ፣ እኔም እንደ ብልጥ ደስ አለኝ።

ክረምት ገባ። የደሴን ክረምት ታውቁታላችሁ፣ ደንበኛው ሁሉ ጭቃና ውሃ ይዞ ይገባል፣ እኔ በቀን ሦስቴ እወለውላለሁ። ወር ሳይሞላ የጠረጴዛዎቹ እግር ወለሉን የሚነካበት ቦታ ሻይ ውስጥ እንደገባ ዳቦ አበጠ። ስስ ልባሱ ሲላጥ ውስጡ ችፑድ ሆኖ አረፈው፣ በኮላ የተጋገረ የእንጨት ፍርፋሪ። የዳር ማሸጊያው ከፊት ብቻ ነው፣ ከሥርና ከኋላ ራቁቱን ነው። በማስመሪያ ስለካውማ ውፍረቱ 16 ሚሊ ሜትር!

ችፑድ ራሱ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ዳሩ ዙሪያውን ከታሸገና ውሃ ካልነካው ዓመታት ያገለግላል፣ ኤምዲኤፍም ቢሆን ውሃ ከጠጣ ያብጣል። የከፈልኩት ግን የኤምዲኤፍ ዋጋ ነው።

ማወቂያው ቀላል ነው። ጠረጴዛው ላይ ሽቦ የሚያልፍበት ክብ ቀዳዳ አለ አይደል? የፕላስቲክ ክዳኑን ንቀሉ፣ ጣታችሁን ክተቱ፣ በስልክ መብራት እዩ። ኤምዲኤፍ እንደ ወፍራም ካርቶን አንድ ወጥ ነው፤ ችፑድ ግን ይቆረቁራል፣ ፍርፋሪው ለየብቻው ይታያል። ሻጩ "አይነቀልም" ካላችሁ ውጡ።

ሌላም አለ። ባጃጅ ላይ እንዲመች ብለው ፈታትተው ይጭኑላችሁና ቤት ይገጥሙታል። ችፑድ ላይ አንዴ የተፈታ ብሎን ግን እንደ በፊቱ አይነክስም። የኔው ፕሪንተሩ ባተመ ቁጥር አብሮ ይጨፍራል።

ወንበሩንማ አታንሱብኝ። ስትቀመጡበት ቀስ እያለ ይወርዳል፣ ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ጋዝ ያፈሳል። ሱቅ ውስጥ አሥር ደቂቃ ተቀመጡበት፣ ይሉኝታ አይያዛችሁ።

ደረሰኝ ነገር ደግሞ። በአዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ብሩ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። እኔ ያንን በ1,500 ብር ሸጥኩት። ሄጄ ስከራከር "ከኛ ለመግዛትሽ ምን ማስረጃ አለሽ?" አለኝ፣ ያው እህቴ ያለኝ ሰውዬ።

አሁን አንዱን ጠረጴዛ ብሎኬት ደግፌለት ነው የምጽፍላችሁ። ሌላው የሰፈራችን በያጅ ጋ ነው፣ የቱቦላሬ እግር ሊሠራለት 2,500 ብሎኛል።