ቀመር ወይስ ትንኝ በትንኝ?

ጅማ ተቀምጦ የአካባቢውን የወባ ስርጭት በኮምፒውተር አስመስዬ ልየው (ልሞዴል) ለሚል ሰው ሁለት መንገድ አለ።

አንደኛው ቀመር ነው። ተመራማሪዎቹ ከርማክና ማክኬንድሪክ በ1927 እ.ኤ.አ. እንዳወጡት ዓይነት፦ ሕዝቡን ገና ያልተያዘ፣ የታመመ፣ ያገገመ ብሎ ይከፍላል። ለወባ የትንኞቹ ክፍል ይጨመርበታል። አሮጌ ላፕቶፕ ላይ በሰከንዶች ያልቃል። ችግሩ ሁሉንም አንድ ማድረጉ ነው፤ ግልገል ጊቤ ግድብ ዳር የሚያድረውና ጅማ መሃል ፎቅ ላይ የሚተኛው እኩል ይነከሳሉ።

ሁለተኛው እያንዳንዱን ሰውና ትንኝ ለየብቻ ያንቀሳቅሳል። ነገሩ የሚጣፍጠው እዚህ ጋ ነው። አንዷ ትንኝ ዝናብ ካቆረበት የከብት ኮቴ ዳና ትወጣለች። አኖፊለስ አራቢየንሲስ የምትባለው ወባ አስተላላፊ ትንኝ ሰውም ከብትም ትነክሳለች፤ ስለዚህ በረቱ ከቤቱ ምን ያህል እንደሚርቅ ኮዱ ውስጥ ይገባል። የተቀደደው አጎበርም እንዲሁ። ግን ዕድል ስላለበት አንዴ አስኪዶ ማመን የለም፣ ደጋግሞ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ አድሮ ንጋት ላይ መብራት ድርግም! (ደርሶብኛል፤ የጠዋት ቡናዬ እንኳ አልፈላም ነበር።)

እኔ? ለጠቅላላው አዝማሚያ ቀመሩ ይበቃኛል። አጎበር መጀመሪያ የትኛው ቀበሌ ይታደል ከተባለ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፣ በረቱን በሜትር የለካልኝ ሰው ካለ።