የአማቴን ሳጥን ለመረመሩልን የሶፊያው አዛውንት ምስጋና

ሰላም ወገኖች። ዛሬ በአደባባይ የማመሰግናቸው ሰው አሉ። ሶፊያ ውስጥ የድሮ የቡልጋሪያ ወታደራዊ ኒሻኖችንና ሜዳሊያዎችን የሚመረምሩ አዛውንት ናቸው። ስማቸው ኢንተርኔት ላይ እንዲወጣ አይፈልጉም፤ ስለዚህ አልጽፈውም። የሚፈልጋቸው ሰው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ ራሴ አገናኘዋለሁ።

በደርግ ዘመን ለትምህርት መጥተን እዚሁ ጎጆ የቀለስን ሐበሾች አለን። የልጆቻችን የእናት ወገን ቤት ሲፈተሽ ከድሮ ጦርነት የተረፈ ነገር አይጠፋም። አገሩ ብዙ ተዋግቷል። በ1885 ከሰርቢያ ጋር፣ በ1912 እና በ1913 በባልካን ጦርነቶች፣ ከዚያም በሁለቱም የዓለም ጦርነቶች። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ስለዚህ ጥቆማዬ ለሰብሳቢ ብቻ አይደለም።

ነገሩ የመጣው የአማቴ ሳጥን ለልጅ ልጆች ሊከፋፈል ሲል ነው። አማቴ ሰማንያን አልፈዋል። "በቁሜ ለእያንዳንዱ የድርሻውን ልስጥ" አሉ። ከዚያ በፊት ግን ሳጥኑ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ በትክክል ማወቅ ፈለጉ። መጀመሪያ ያየው አንድ ነጋዴ ደቂቃ ሳይሞላው "ያው ተራ ነገር ነው፣ በጅምላ ልውሰደው" አለን። ባለቤቴ ሳጥኑን ዘግታ ወጣች። ወደ አዛውንቱ የላከን አሌክሳንደር ኔቭስኪ ካቴድራል አጠገብ ባለው የአሮጌ ዕቃ ገበያ ያገኘነው አንድ ሰብሳቢ ነው።

አዛውንቱ ገና ሳጥኑ ሳይከፈት "ምንም ነገር እንዳትወለውሉ" አሉን። ዘመን ያለበሰው ጥቁረት አንዴ ከተፈተገ አይመለስም። ዋጋውም ይወርዳል፣ ለምርመራም ያስቸግራል። ቀጥለው "እኔ የመረመርኩትን ዕቃ አልገዛም" አሉ። ይህን ስሰማ ልቤ አረፈ። ዋጋ የሚተምነው ሰው ራሱ ገዢ ከሆነ ማንን ማመን ይቻላል?

ከሳጥኑ ውስጥ ከሁሉ የሚያምረው ነጭ ኢናሜል የለበሰ የመኮንን መስቀል ነበር። "ለጀግንነት" የሚባለው ኒሻን ነው። በ1880 በልዑል አሌክሳንደር ባተንበርግ ዘመን የተቋቋመ፣ በቡልጋሪያ ሠራዊት ትልቅ ክብር የነበረው። የባለቤቴ አጎት ነፍሱን ይማረውና ከዓመታት በፊት ከገበያ ገዝቶ ነው ሳጥኑ ውስጥ የጨመረው። አዛውንቱ በማጉያ መነጽር አገላብጠው አዩት። ከዚያ ማጉያውን ለእኔ ሰጡኝና "አንበሳውን እየው" አሉኝ።

መሀሉ ላይ ያለው አንበሳ ጥፍሩ ድፍን ነው፣ አይለይም። ጠርዙ ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ቀዳዳዎች አሉ። እውነተኛው ኒሻን በብረት ማኅተም ተመትቶ የሚወጣ ስለሆነ መስመሩ ስል ነው። የኛው ግን ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ነው፤ ቀዳዳዎቹ የአየር አረፋ ናቸው። ኢናሜል ያልነውም የተቀባ ሙጫ ሆኖ ተገኘ። እውነተኛ ኢናሜል በእሳት የቀለጠ መስታወት ነው፤ ሲጎዳ ይሸረፋል እንጂ አይላላጥም። በመጨረሻ ጽሑፉን አሳዩን። ቡልጋሪያውያን በ1945 አጻጻፋቸውን ሲያሻሽሉ በቃላት መጨረሻ ይጻፉ የነበሩ ድምፅ አልባ ፊደላትን አስቀርተዋል። በንጉሡ ዘመን በተሠራ ኒሻን ላይ ያ ፊደል መኖር አለበት። የኛው ላይ የለም። ፎርጅድ ነው በቃ።

ቁርጡን ሲነግሩን አጎትየውን አላሳነሱም። "እንዲህ ያለውን ብዙ አዋቂ ገዝቶታል" ነው ያሉት። ይህን ጨዋነታቸውን ባለቤቴ እስከ ዛሬ ታነሳዋለች።

ማንም ዞር ብሎ ያላየው የወታደር መስቀል ግን እውነተኛ ሆነ። ኢናሜል የለውም፤ ጀርባው ላይ 1915 የሚል ዓመት አለው። ጥርጣሬ የነበረው አብሮት በተቀመጠው ወረቀት ላይ ነው። ወረቀቱ የአማቴ ወንድ አያት ኦክቶበር 3 ቀን 1915 ድንበር ላይ ሲዋጉ እንደነበር ይናገራል። የታሪክ መጻሕፍት ደግሞ ቡልጋሪያ በሰርቢያ ላይ ጦርነት ያወጀችው ኦክቶበር 14 ነው ይላሉ። ጦርነት ሳይታወጅ እንዴት ተዋጉ? አዛውንቱ "13 ቀን ጨምሩበት" አሉ። ቡልጋሪያ አዲሱን የቀን አቆጣጠር የተቀበለችው በ1916 ነው፤ ወረቀቱ ከዚያ በፊት የተጻፈ ነው። ከቤተሰቡ ሁሉ ቶሎ የገባኝ እኔ ነኝ። ሐበሻ ዕድሜውን ሙሉ በሁለት ካላንደር ነው የሚኖረው።

ከሁሉ በላይ የማመሰግናቸው ግን ስለ አንድ ተራ የሚመስል ሜዳሊያ ነው። ንጉሥ ቦሪስ ሦስተኛ በ1933 ለ1915–1918ቱ ጦርነት ዘማቾች ያቋቋሙት የመታሰቢያ ሜዳሊያ ነው። በብዛት የተሰጠ ስለሆነ ገበያ ላይ ውድ አይደለም። አዛውንቱ ሜዳሊያውን ትተው ሪባኑን ያዙ። እንደ ቡልጋሪያ ደንብ በሦስት ማዕዘን የታጠፈ ሪባን ነው። እጥፋቱን በጣታቸው ገለጥ አድርገው ጥቁሩን መስመር አሳዩን። ጥቁር መስመር ያለበት ሪባን የሚሰጠው በጦርነቱ ለወደቁ ወታደሮች ቤተሰብ ነው።

ከዚያ ወደ አማቴ ዞረው "ይህ የወንድ አያትዎ ሜዳሊያ አይደለም። የተቀበሉት ሴት አያትዎ ናቸው" አሏቸው። ቤቱ ውስጥ ሁልጊዜ "የአያት ሜዳሊያ" ሲባል የሚታሰበው ሟቹ ነበር። ሟቹ ግን በ1917 ነው የወደቁት፤ በ1933 የተቋቋመ ሜዳሊያ በእጃቸው ሊገባ አይችልም። አማቴ ሴት አያታቸውን በደንብ ያስታውሳሉ። ዕድሜያቸውን ሁሉ ጥቁር የለበሱ፣ ስለ ባላቸው ብዙም የማያወሩ ሴት ነበሩ ይላሉ። በዚያን ቀን አማቴ ስለ እሳቸው ያወሩልንን ያህል በትዳር ዘመኔ ሁሉ ሰምቼ አላውቅም። ሜዳሊያው አሁን ለሴት ልጄ ደርሷል። የመረጡላት አማቴ ራሳቸው ናቸው።

ወደ አገልግሎቱ ልመለስ። አዛውንቱ ለእያንዳንዱ ዕቃ ፎቶ ያለው የጽሑፍ ማስረጃ ይሰጣሉ። እርግጠኛ የሆኑበትንና የሚጠረጥሩትን ለያይተው ይጽፋሉ። ክፍያቸው ኪስ አይጎዳም፤ አስቀድመውም ይናገራሉ። ያረጀውን ሪባን በአዲስ እንዲቀይሩልን ብንጠይቃቸው እምቢ አሉ፤ ልክ ናቸው። አንዷ የባለቤቴ እህት የምትኖረው ጀርመን ስለሆነ፣ ድርሻዋን ይዛ ከመውጣቷ በፊት ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ እንድትጠይቅም መክረዋታል። ቡልጋሪያ የ2009 የባህል ቅርስ ሕግ አላት፤ ሻንጣ ውስጥ ወርውሮ መሄድ ጣጣ ያመጣል።

ወደ እሳቸው የምትሄዱ ሰዎች፣ ሜዳሊያውን ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። ከሳጥኑ የተገኘውን ወረቀት፣ ፎቶ፣ የተበጠሰ ሪባን ሳይቀር ውሰዱ። አይቸኩሉም፣ እናንተም አትቸኩሉ። የሚናገሩት ቡልጋሪያኛና ሩሲያኛ ነው። ቋንቋው የማይመቸው ካለ እኔ አብሬው ሄጄ አስተረጉማለሁ።

እጃቸው ይባረክ። ዕድሜና ጤና ይስጣቸው።