ለቀለም አማካሪያችን፦ እጅሽ ይባረክ!

የምንሠራበትን የጤና ማዕከል አስቀብተን ጨርሰናል። ቀለሙን የመረጠችልንን እህት በአደባባይ ሳላመሰግን ማለፍ አልሆነልኝም።

ስትመጣ ካታሎግ አላወጣችም። መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ሰዎቹ ነው። እዚህ የሚመጣው ማን ነው? ምን ያህል ይቀመጣል? አምፖሎቹስ ምን ዓይነት ናቸው? ከዚያ ትልልቅ ሰሌዳዎች ላይ የተመረጡትን ቀለሞች ሁለት ሁለት እጅ ቀብታ አመጣች። ጠዋት መስኮት አጠገብ፣ ቀን ኮሪደሩ ውስጥ፣ ማታ መብራት አብርታ እያዞረች አሳየችን። ካታሎጉ ላይ ለስለስ ያለ ክሬም የነበረው በእኛ ነጭ መብራት ሥር ወደ አረንጓዴ ሄደ። አፋችንን ይዘን ቀረን! ትንሽ ናሙና ላይ ፈዘዝ ያለ ቀለም ሙሉ ግድግዳ ላይ ሲያርፍ እንደሚጎላም ነገረችን። ስለዚህ የተስማማንበትን አንድ ደረጃ ፈዘዝ አደረገችው።

ከሁሉ ልቤን የነካው ግን የበሮቹ ነገር ነው። እኛ የፈለግነው ሮዝ ግድግዳና ውኃ ሰማያዊ በር ነበር። ሁለቱን ሰሌዳዎች ጎን ለጎን አቁማ በስልኳ ፎቶ አነሳችና ወደ ጥቁርና ነጭ ቀየረችው። በሩ ግድግዳው ውስጥ ጠፋ። ዓይኑ የደከመ ሰው በቀለሙ ዓይነት ሳይሆን በብርሃኑ ልዩነት ነው በሩን የሚለየው አለች። እያንዳንዱ ቀለም ብርሃን የሚመልስበት መጠን ከ0 እስከ 100 ይለካል። በሩና ግድግዳው ቢያንስ በ30 ነጥብ ያህል ቢራራቁ ይመከራል። አሁን በሮቻችን ከነመቃናቸው ጥቁር ሰማያዊ ናቸው። ዓይናቸው የደከመ አንድ አባት የመጸዳጃ ቤቱን በር ማንንም ሳይጠይቁ አግኝተው ሲገቡ አየሁ። በጣም ደስ አለኝ።

ለኮሪደሩ የሚታጠብ፣ ትንሽ የሚያብረቀርቅ ቀለም መረጠች፤ እጅ የሚበዛው እዚያ ነውና። ጥገና ለበዛበት አሮጌ ግድግዳ ግን ማት፣ ማለትም የማያብረቀርቅ ቀለም። አንጸባራቂ ቀለም እያንዳንዱን ጉድጓድ አጉልቶ ያሳያል። ስትጨርስም የየክፍሉን የቀለም ኮድና የምርት ቁጥር በወረቀት ጽፋ ሰጠችን፣ ነገ ጥገና ሲመጣ እንዳንቸገር።

ትምህርት ቤት፣ ባንክ፣ ሱቅ የምታስቀቡ ሁሉ፣ ቀለሙን ከመግዛታችሁ በፊት አማክሯት። ስልኳን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።