ባሕር ዳር አባይ ማዶ ያለው ጋራዥ፦ በቤንዚንም በጋዝም ለሚሄዱ አሮጌ መኪኖች

ከቤንዚን ሌላ በሲሊንደር የሚሞላ ጋዝ የተገጠመላት አሮጌ መኪና ስታስቸግር ብዙ ጋራዥ ቀድሞ ካንዴላ (ሞተሩ ውስጥ እሳት የሚፈጥረውን) ያስገዛል። እዚህ ግን መጀመሪያ በሁለቱም ነዳጅ ያስነሷታል። በጋዝ ደህና ሄዳ በቤንዚን ከተንተፋተፈች እሳቱ ጤነኛ ነው፤ ፍለጋው ወደ ቤንዚን መስመር ይዞራል።

መስመሩ ላይ ጌጅ (የግፊት መለኪያ) ገጥመው ግፊቱን ያነባሉ። ኢንጀክሽን (ቤንዚኑን በግፊት የሚረጭ) ላላት አብዛኛውን ጊዜ ከ2.5 እስከ 3 ባር አካባቢ መድረስ አለበት፤ ካርቡራቶሬ (ቤንዚንን ከአየር የሚቀላቅል የቆየ ዕቃ) ያላት ከግማሽ ባር በታች ይበቃታል። ግፊቱ ከወረደ ፖምፓ ግዙ አይሉም፤ ፖምፓው ሶኬት ላይ 12 ቮልት መድረሱን ይለካሉ፣ ፊልትሮውን (የቤንዚን ማጣሪያውን) አውጥተው ቆርጠው ያዩታል። ውስጡ የሚገኘው ቡናማ ዝቃጭ በሃይላንድ ከመንገድ ዳር የተገዛ ቤንዚን ውጤት ሊሆን ይችላል። በጋዝ ብቻ የሚነዳ ሰውም ታንኩን ባዶ አድርጎ ከከረመ ታንኩ ውስጥ ያለውን ፖምፓ ሊያቃጥል ይችላል፤ የሚያቀዘቅዘው ቤንዚኑ ነውና። ቢያንስ ሩብ ታንክ ይኑር።

በጋዝ በኩል ትንሽ ይጎድላቸዋል። ልቀትን በሳሙና አረፋ በደንብ ይፈትሻሉ፣ ሬጉሌተሩ (የጋዙን ግፊት የሚቀንሰው) በረዶ ከጋገረ የሚያሞቀውን የራዲያተር ውኃ ያያሉ፤ የሬጉሌተር ጎማ ግን አያስቀምጡም፣ ከአዲስ አበባ ማስመጣት የባለመኪናው ፈንታ ነው። መኪናዋን ሳይፈቱ ዋጋውን ይናገራሉ። ጠዋት መሄድ ይሻላል፣ ከሰዓት ባጃጅ ይሞላዋል።