«ዊንዶውስዎን እናሳምራለን» ለሚሉ ሱቆች ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ወገኖች፣ በቴሌግራም ቻናሎችና በቲክቶክ የሚዘዋወር አንድ ዓይነት ማስታወቂያ አለ። «ላፕቶፕዎን እንደ ማክ እናስመስላለን፤ የሚንቀሳቀስ ባክግራውንድ፣ አዲስ አይከን፣ አማርኛ ዊንዶውስ፣ እጥፍ ፍጥነት፣ ሁሉም በአንድ ፓኬጅ» ይላል፤ ከጎኑ የሚያብረቀርቅ ስክሪን ያሳያል። እባካችሁ አትክፈሉ። የሚባክነው ገንዘብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልጻፍኩ ነበር። ትልቁ ጉዳት የሚመጣው ከከፈላችሁ በኋላ ነው።

ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ላስረዳ። የዊንዶውስን መስኮቶችና አዝራሮች መልክ ከሥር የሚቀይር ቴም በማይክሮሶፍት ካልተፈረመ ሲስተሙ አይቀበለውም። ሌላ ሰው የሠራውን ለመጫን የሲስተሙን ፋይሎች መነካካት ግድ ይላል። እነዚያ ፋይሎች ግን አፕዴት ሲመጣ በአዲስ ሊተኩ ይችላሉ፤ ሲተኩ ቴሙ ይበላሻል፣ አንዳንዴም ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ደንበኛው እየተማረረ እንዳይመለስ ባለሱቁ የሚያገኘው ቀላሉ መፍትሔ አፕዴቱን መዝጋት ነው። ፋይሎቹን የሚነካካውን ፕሮግራም ዲፌንደር (የዊንዶውስ የራሱ ጸረ ቫይረስ) እንደ ቫይረስ ስለሚይዝበት ደግሞ እሱንም ያጠፋዋል። መልኩ ሳይበላሽ የሚቆየው ጥበቃው ስለተዘጋ ነው፤ ማስታወቂያው ላይ የማይጻፈውም ይኸው ነው።

አፕዴት ቢዘጋ ምን ይመጣል ለሚል፣ ዋናክራይን ያስታውስ። ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. ተነስቶ ከ150 በሚበልጡ አገሮች የሰዎችን ፋይል እየቆለፈ ገንዘብ የጠየቀው ቫይረስ ነው፤ በእንግሊዝ ሆስፒታሎች ቀጠሮ እስከ መሰረዝ አድርሷል። ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን አፕዴት የለቀቀው መጋቢት 5 ነበር፣ ሁለት ወር ገደማ ቀድሞ። ያን አፕዴት የጫነ ኮምፒውተር በዚያ ቀዳዳ የሚገባበት አልነበረም። የተጠቁት ያልጫኑት ናቸው።

ሁለተኛው የአሠራር ዓይነት ከዚህ ይብሳል። ባለሱቁ ቴም በመጫን ፈንታ ላፕቶፑን ፎርማት ያደርግና አስቀድሞ የተቀባባ ዊንዶውስ ከፍላሽ ይጭናል። «ጌሚንግ ኤዲሽን»፣ «ሱፐር ላይት» የሚሉ ስሞች አሉት። ማን እንደሠራው፣ ምን እንደተቀነሰበትና ምን እንደተጨመረበት የሚጭነው ልጅ ራሱ አያውቅም። በሰኔ 2015 ዓ.ም. ዶክተር ዌብ የተባለው የጸረ ቫይረስ ኩባንያ በቶረንት የሚሠራጩ ያልተፈቀዱ የዊንዶውስ 10 ቅጂዎችን መርምሮ፣ ኮምፒውተሩ በሚነሳበት ኢኤፍአይ በሚባለው የዲስክ ክፍል የተደበቀ ቫይረስ አግኝቶባቸዋል። ብዙ ጸረ ቫይረሶች ያን ክፍል አይፈትሹትም። ቫይረሱ የሚሠራው፣ ተጠቃሚው የክሪፕቶ ዋሌት (የዲጂታል ገንዘብ ቦርሳ) አድራሻ ኮፒ ሲያደርግ በሌባው አድራሻ መተካት ነበር። ኩባንያው እስከዚያ ጊዜ ወደ 19,000 ዶላር እንደተሰረቀ ገምቷል።

የአክስቴ ልጅ የመመረቂያ ጽሑፏን የምትሠራበትን ላፕቶፕ እንዲህ ያለ ፓኬጅ ለሚሸጥ አንድ ሱቅ ሰጥታ ከሁለት ሺህ ብር በላይ ከፍላበታለች። ሲመለስ በእርግጥ ያምር ነበር፤ ከታች እንደ ማክ የተደረደሩ አይከኖች፣ ከኋላ የሚፈስ ውሃ። ጥቂት ቆይቶ እየሞቀ ሲንቀራፈፍባት ወደ እኔ ይዛው መጣች። ገብቼ ሳይ ዲፌንደር ጠፍቷል፣ አፕዴት ቆሟል። እሷ የማታውቀው፣ ሙሉ ሥልጣን ያለው ሌላ የተጠቃሚ አካውንት አለበት። ከሩቅ ሆኖ ኮምፒውተሩን ማዘዝ የሚያስችል ፕሮግራምም ላፕቶፑ በተከፈተ ቁጥር አብሮ ይነሳል። ሱቁን ስትጠይቅ «ችግር ሲገጥምሽ እንድንረዳሽ ነው» አሏት። ደረሰኝ አልሰጧትም። ክፉ ሐሳብ የለባቸውም ብለን ብንቀበል እንኳ፣ በዚያ ሱቅ የሚሠራ ወይም ከዚያ ሱቅ የወጣ ማንኛውም ሰው ክሮም ላይ ያስቀመጠቻቸውን ፓስዎርዶች፣ ፎቶዎቿንና ክፍት የተተወ ቴሌግራሟን ማየት ይችል ነበር። ይህን ሳስብ እስካሁን ደሜ ይፈላል።

ሰው ለምን ይታለላል? አንዱ ምክንያት አክቲቬሽን፣ ማለትም ዊንዶውሱ ላይሰንስ (ፈቃድ) እንዳለው የሚረጋገጥበት ሂደት ነው። አክቲቭ ያልሆነ ዊንዶውስ ከስክሪኑ ቀኝ ጥግ «አክቲቬት ዊንዶውስ» የሚል ጽሑፍ ይለጥፋል፤ ሴቲንግ ውስጥ ያለውን ፐርሰናላይዜሽንም ይቆልፋል። ስለዚህ ሰዉ ቀለም መቀየር ራሱ የቴክኒሻን ሥራ ይመስለዋል። ባለሱቁ ታዲያ ኬኤምኤስ የሚባለውን፣ ድርጅቶች ብዙ ኮምፒውተሮችን አክቲቭ የሚያደርጉበትን መንገድ አስመስሎ ያለ ላይሰንስ አክቲቭ፣ ማለትም ክራክ ያደርገዋል። ይህ አክቲቬሽን የሚያገለግለው 180 ቀን ነው፤ ከዚያ መታደስ አለበት። የሚያድሰው ፕሮግራም ከተሰናከለ ጽሑፉ ተመልሶ ይመጣል፣ እናንተም ተመልሳችሁ ትከፍላላችሁ። ክራኩ ራሱም አደጋ አለው። በ2014 ዓ.ም. ሬድ ካናሪ የተባለ የሳይበር ደኅንነት ኩባንያ፣ ኬኤምኤስፒኮ በሚባለው የክራክ ፕሮግራም ስም በሚሠራጭ ሐሰተኛ ፋይል ውስጥ በብራውዘር የተቀመጡ መረጃዎችንና የክሪፕቶ ዋሌቶችን የሚሰርቅ ክሪፕትቦት የሚባል ቫይረስ እንዳገኘ አስታውቋል።

የሚያናድደው ደግሞ ብዙዎቹ ላፕቶፖች ክራኩን ጨርሶ አለመፈለጋቸው ነው። ከዊንዶውስ 8 ዘመን ወዲህ ዊንዶውስ ተጭኖባቸው የተሸጡ ላፕቶፖች አብዛኛውን ጊዜ የላይሰንሱ ቁልፍ ባዮሳቸው ውስጥ (ማዘርቦርዱ ላይ ባለ ሚሞሪ) ተቀምጧል፤ ከዱባይም ከአሜሪካም ያገለገለ ሆኖ ቢመጣ እዚያው አለ። ትክክለኛው ኤዲሽን ተጭኖ ኢንተርኔት ሲያገኝ በራሱ አክቲቭ ይሆናል። ሱቆቹ ግን ሆም የሚባለው ኤዲሽን ላይሰንስ ያለውን ማሽን ሳያጣሩ ፕሮ የሚባለውን ሌላ ኤዲሽን ይጭኑበትና «ላይሰንስ የለውም» ይላሉ።

የእናንተን ለማወቅ በዊንዶውስ 11 ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ አክቲቬሽን የሚለውን ክፈቱ። «በድርጅትዎ የአክቲቬሽን አገልግሎት አክቲቭ ሆኗል» የሚል ትርጉም ያለው ጽሑፍ ካያችሁና ላፕቶፑ የግላችሁ ከሆነ፣ ክራክ ተደርጓል ማለት ነው። ዊንዶውስ አፕዴት ገጽ ላይ መጨረሻ የተፈተሸበትን ቀንም ተመልከቱ፤ ወራት ካለፉት ተዘግቶ ሊሆን ይችላል።

አሁን የተሸጠላችሁን ዕቃ አንድ በአንድ እንየው። ጥቁር ገጽታና የመስኮት ቀለም ፐርሰናላይዜሽን ውስጥ ከለርስ በሚለው ሥር አለ። የዊንዶውስ 11 አይከኖች መሐል ላይ መደርደራቸው ካልተመቻችሁ እዚያው ታስክባር በሚለው ገብታችሁ ወደ ግራ መመለስ ነው፤ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። የጽሑፍ መጠን፣ የማውስ ቀስት ቀለምና ትልቀት አክሰሰቢሊቲ ውስጥ ናቸው፤ ጽሑፉ እስከ 225 በመቶ ያድጋል፣ ዓይናቸው ለደከመ ወላጆቻችን ትልቅ ነገር ነው። የድሮውን የዊንዶውስ 7 ዓይነት ስታርት ሜኑ ለሚወድ ኦፕን ሼል፣ ዴስክቶፕ ላይ ሰዓትና የአየር ሁኔታ ለሚፈልግ ሬይንሜተር፣ ለሚንቀሳቀስ ባክግራውንድ ላይቭሊ፣ መስኮቶችን በፈለጉት አከፋፈል ለመደርደር የማይክሮሶፍት የራሱ ፓወርቶይስ አሉ። ሁሉም ነፃ ናቸው፤ የሲስተም ፋይልም አይነኩም። ከየራሳቸው ድረ ገጽ ወይም ከማይክሮሶፍት ስቶር ብቻ አውርዷቸው፣ ከቴሌግራም ቻናል አትውሰዱ።

«አማርኛ ዊንዶውስ» ብሎ ማስከፈል ግን ከሁሉም ይብስብኛል። የአማርኛ ኪቦርድ ከቪስታ ጀምሮ ከዊንዶውስ ጋር ይመጣል፤ ያኔ ፊደላችንን የሚያሳየው ኒያላ የተባለው ፎንት ነበር፣ ዛሬ ኤብሪማም ያሳያል። ሴቲንግ ውስጥ ታይም ኤንድ ላንጉዌጅ ገብታችሁ አማርኛን ጨምሩ፤ ከዚያ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከስፔስ ጋር ስትጫኑ ኪቦርዱ ይቀየራል። የሜኑዎቹን ቋንቋ ወደ አማርኛ የሚቀይረውም ጥቅል እዚያው በነፃ ይወርዳል፤ «ሲንግል ላንጉዌጅ» የሚል ኤዲሽን ካላችሁ ግን ሜኑው አይቀየርም፣ ኪቦርዱ ብቻ ይሠራል። የፊደል አጻጻፉ ካልጣማችሁ ኪይማን የሚባለው ፕሮግራም የአማርኛና የግዕዝ ኪቦርዶች አሉት፣ እሱም ነፃ ነው።

ስለ ፍጥነቱ ብዙ አልልም። 4 ጊጋባይት ራም ባለው ላፕቶፕ ላይ የሚንቀሳቀስ ባክግራውንድና ተጨማሪ የአይከን መደርደሪያ ሲጫን ይዘገያል እንጂ አይፈጥንም። አሮጌውን ሃርድ ዲስክ ኤስኤስዲ በሚባለው ፈጣን ዲስክ ማስቀየር ግን የከፈላችሁበትን በግልጽ የምታዩት ለውጥ ነው።

ቀድሞ ተሠርቶባችሁ ከሆነ፣ መጀመሪያ ፓስዎርዶቻችሁን በሌላ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ቀይሩ፤ ኢሜይልና ቴሌግራም ይቅደሙ፣ ሁለቱም ላይ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አብሩ። ፎቶና ሰነዶቻችሁን ወደ ውጭ ዲስክ ገልብጡ፣ ሱቁ የጫናቸውን ፕሮግራሞች ግን አትገልብጡ። ቀጥሎ 8 ጊጋባይት ወይም ከዚያ በላይ በሆነ ፍላሽ ላይ ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ በሚገኘው ሚዲያ ክሪየሽን ቱል ዊንዶውስ አዘጋጁ። ማውረጃው ከ5 ጊጋባይት በላይ ስለሚወስድ ጥሩ ኢንተርኔት ያለው ሰው ፈልጉ፤ አንዱ ያወረደው ለዘመድ አዝማድ ሁሉ ይበቃል። ስትጭኑ በዲስኩ ላይ ያሉትን ክፍሎች በሙሉ ዲሊት አድርጉ፣ አንዱን ብቻ ፎርማት አድርጋችሁ አትለፉ፤ ቀደም ሲል እንዳልኩት መደበቂያው የማይታየው ክፍል ሊሆን ይችላል። ከመጀመራችሁ በፊት ማሽኑ ዊንዶውስ 11 ይችል እንደሆነ እዩ፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል።

ለቴክኒሻን ከፍሎ ፎርማት ማስደረግ ምንም ክፋት የለውም፤ ሥራቸውን የሚያከብሩ ብዙ ልጆች አሉ። ላፕቶፑን ከማስረከባችሁ በፊት ግን ጠይቁ፦ ዊንዶውሱ ከየት ነው የወረደው? ዲፌንደርና አፕዴት በርተው ይመለሳሉ? ሌላ አካውንት ወይም የርቀት ፕሮግራም ትተዉበታላችሁ? በአዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው፤ ነጋዴም ደረሰኝ መስጠት አለበት። ደረሰኙ ላይ የተሠራው ሥራ ተዘርዝሮ ይጻፍላችሁ። ሲያስረክቧችሁም እዚያው ቆማችሁ የአፕዴቱን ገጽ አስከፍቱና በእናንተ ፊት እንዲፈትሽ አድርጉ፤ እንቢ ካሉ ክፍያውን ያዙ።