የወንድሜን ዓይን ዙሪያውን ለመረመሩት የምስል ባለሙያ የቀረበ ምስጋና

የታናሽ ወንድሜን የግላኮማ (ብዙ ጊዜ ከከፍተኛ የዓይን ግፊት ጋር የሚመጣ፣ የዓይን ነርቭን የሚጎዳ በሽታ) መንስኤ በምስል ላገኙት ባለሙያና በዚያው ምስል ተመርተው ቀዶ ሕክምናውን ላከናወኑት ሐኪም ከልብ የመነጨ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ስማቸው በአደባባይ እንዲነሣ ስላልፈለጉ ሥራቸውን ብቻ እናገራለሁ።

ወንድሜ ገና 31 ዓመቱ ነው። ቀኝ ዓይኑ ቀልቶ፣ ራሱን እየፈለጠውና እያስመለሰው ሐኪም ዘንድ ባደረስነው ዕለት የዓይኑ ግፊት 44 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ነበር፤ ጤናማው መጠን አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 21 ነው። በመጀመሪያ በታከመበት ቦታ ጠብታ ታዘዘለት፣ አይሪሱም (ባለ ቀለሙ የዓይን ክፍል) በሌዘር ተበሳ፤ ግፊቱ ግን በሳምንታት ውስጥ ተመልሶ ወጣ።

ባለሙያዋ የታመመውን ብቻ ሳይሆን ሁለቱንም ዓይኖች በምስል አነሡ። ወንድሜ ተቀምጦ፣ ዓይን ሳይነካ በብርሃን ምስል በሚያነሣው ኦሲቲ በተባለ መሣሪያ ሲነሣ፣ በኮርኒያውና (ከፊት ባለው ጥርት ያለ የዓይን ሽፋን) በአይሪሱ መካከል ያለው፣ የዓይን ፈሳሽ የሚወጣበት ክፍተት በቀኙ ዓይን ከግራው በግልጽ ጠብቦ ታየ። ይሁንና የኦሲቲ ብርሃን በአይሪሱ ቀለም ስለሚታገድ ከኋላው ያለውን አያሳይም። ስለዚህ በጀርባው አስተኝተው፣ ዓይኑን በጠብታ አደንዝዘው፣ በዓይኑ ቆቦች መካከል ፈሳሽ የያዘች ትንሽ ኩባያ አስቀምጠው፣ በድምፅ ሞገድ ምስል በሚያነሣው አልትራሳውንድ ባዮማይክሮስኮፒ እንደ ሰዓት ቁጥሮች ዙሪያውን አንድ በአንድ ቃኙት። በአንድ በኩል ከአይሪሱ ኋላ ያለውን የዓይን ሌንስ ወጥረው የሚይዙት ቀጫጭን ክሮች ተበጥሰው፣ ሌንሱ አዘንብሎ አይሪሱን ከኋላ እየገፋው ነበር። ሲተኛ ክፍተቱ ሰፋ ማለቱም ከዓይናቸው አላመለጠም፤ የላላ ሌንስ እንደ ሰውየው አቀማመጥ ቦታ ይቀይራልና። «ይህን ዓይንህን የመታህ ነገር ነበር?» ብለው ጠየቁት። ከዓመታት በፊት ኳስ መትቶት እንደነበር ያን ጊዜ ነው ያስታወሰው፤ እኛም ፈጽሞ ረስተነው ነበር።

ሐኪሙ ወዲያውኑ ብሌን የሚያጠበውን ጠብታ አስቆሙ፤ ሌንሱ በላላ ዓይን ላይ ይህ ጠብታ ሌንሱን ይበልጥ ወደ ፊት ሊያመጣው ይችላል። በኋላም ሌንሱን አውጥተው ሰው ሠራሽ ተኩለታል።

በወጣትነት ዕድሜ፣ በተለይም በአንድ ዓይን ብቻ ግላኮማ የተገኘበት፣ ወይም ከሌዘር በኋላ ግፊቱ ያልረጋለት ሰው ካለ፣ ከአይሪስ በስተጀርባ ያለውን የሚያሳይ ምስል ያስፈልገው እንደሆነ ሐኪሙን እንዲጠይቅ፣ ሲነሣም ሁለቱም ዓይኖች እንዲታዩለት አጥብቄ እመክራለሁ። ቀድሞ የደረሰበትን ምት፣ ቀላል ቢመስለውም፣ ሳይጠየቅ ይናገር። የወንድሜ ግፊት በመጨረሻው ክትትል 15 ነበር፤ ለባለሙያዋም ውጤቱን ራሱ ሄዶ ነግሯቸዋል።